መድኃኒቱን የደበቀስ?

የምንውጠውን እንክብል ሁሉ «ክኒን» እንላለን። ራስ ምታትም ይሁን ጨጓራ፣ ደም ግፊትም ይሁን ስኳር፣ ጥያቄው «ክኒንህን ወሰድክ?» ነው። ቃሉ ግን ጥንት የአንዲት በሽታ መድኃኒት ስም ነበር፤ የወባ። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ ሲንኮና የሚባል ዛፍ ይበቅላል። አውሮፓውያን ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቅርፊቱን እየፈጩ ለንዳድ ይጠጡት ነበር። በ1820 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፔልቲዬና ካቫንቱ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከቅርፊቱ ውስጥ የሚያሽረውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡትና ኪኒን አሉት። ስሙ አገር ላገር ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ የእንክብል ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ይህን ያነሣሁት ቋንቋ ላስተምር ብዬ አይደለም። አንድ ነገር ስለሚከነክነኝ ነው። የሩቅ አገር ዛፍ ስም በአፋችን ገብቶ ይኖራል፤ ከእኛ ጓሮ የወጣ የወባ ቅጠል ግን እስካሁን ክኒን ሆኖ የማንንም ሕዝብ በሽታ አላዳነም። ቅጠል አጥተን እንዳይባል ቅጠሉ ሞልቷል። ወባ አጥተን እንዳይባል ወባውም ሞልቷል። በ1958 በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ያ የጥንት ታሪክ ነው ብለን እንዳንጽናና፣ በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል።

በሽታውም አለ፣ ቅጠሉም አለ። መድኃኒቱ ታዲያ የት ሄደ?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉን። አንደኛው «ፈረንጅ ዘርፎን ነው» የሚለው ነው። አባቶቻችን ሁሉን ያውቁ ነበር፣ መጽሐፉን ወሰዱብን፣ ቅጠሉን ወሰዱብን፣ እኛ ባዶ እጃችንን ቀረን። ሁለተኛው «ቅጠል በጣሽና ሥር ማሽ ምን ያውቅና» የሚለው ነው። የተማረው ሰው ይሄኛውን ይወዳል፤ ቀን ቀን ይህን እያለ ማታ ጉንፋን ሲይዘው ዳማከሴ ያስጨምቃል። ሁለቱም መልሶች ለእንቅልፍ የሚመቹ ናቸው። አንዱ ጥፋቱን ባሕር ማዶ ያስቀምጣል፤ ሌላው ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ይሰርዘዋል። ሁለቱም ማንንም ከመቀመጫው አያስነሡም።

እውነቱን ለመናገር ፍለጋ የለም ማለት አይቻልም። ፍለጋው አለ። የዩኒቨርሲቲዎቻችንን የፋርማሲና የባዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ጽሑፎች ስናገላብጥ ስለ ወባ ቅጠል የተጻፈው በርከት ያለ ነው። ርእሶቹ ወንድማማቾች ናቸው፤ «የእንትን ቅጠል ወባ በያዛቸው አይጦች ላይ ያለው ፈዋሽነት»። «እንትን» የሚለው ቦታ ላይ አንዱ ብሳና ያስገባል፣ ሌላው ግራዋ፣ ሌላው ሰንሰል። ሌላው ነገር እምብዛም አይለወጥም።

አካሄዱም ያው ነው። ቅጠሉ ይለቀማል፤ በጥላ ይደርቃል፤ ይፈጫል፤ አብዛኛውን ጊዜ 80 በመቶ በሆነ ሜታኖል ውስጥ ለሦስት ቀን ይዘፈዘፋል፤ ይጣራል፤ እንደገና ይደርቃል። ከዚያ ፕላስሞዲየም በርጋይ በሚባል ተውሳክ እንዲያዙ የተደረጉ አይጦች ይቀርባሉ። ይህ ተውሳክ በ1948 በኮንጎ ከዱር አይጥ የተገኘ ነው፤ ሰውን አይዝም። አይጦቹ ለአራት ቀን መድኃኒቱን ይጠጣሉ። በአምስተኛው ቀን ከጅራታቸው ደም ይወሰድና በማይክሮስኮፕ ተውሳኩ ይቆጠራል። ተውሳኩ ከቀነሰ እሰየው ነው። መደምደሚያውም ሁሌ ያው ነው፤ ውጤቱ የኅብረተሰቡን ባህላዊ አጠቃቀም ይደግፋል፣ ወደፊት ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ተብሎ ይዘጋል።

ያ «ወደፊት» ግን ሲመጣ አናይም። ተመራቂው ጋዋኑን ይለብሳል፣ ፎቶውን ይነሣል፣ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ቅጠሉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ሌላ ቅጠል ይዞ ይመጣል። አንዳንዴም ያንኑ ቅጠል፣ ከሌላ ወረዳ ተለቅሞ።

ተማሪውን መውቀስ ግፍ ነው። አንድ ዓመት ተሰጥቶት፣ ከእጅ ወደ አፍ በሆነ በጀት፣ የሚቋረጥ መብራትና ዘግይቶ የሚደርስ ኬሚካል እየታገለ የሠራው ሥራ ነው። የአይጡም ሙከራ ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ ዛሬ ዓለም የሚታከምበት የወባ መድኃኒትም በአይጥ በኩል ነው ያለፈው። ጥፋቱ ያለው በአይጥ መጀመሩ ላይ ሳይሆን በአይጥ መጨረሱ ላይ ነው።

አንድ ቁጥር ልጥቀስ። በእነዚህ ሙከራዎች ለማነጻጸሪያ ክሎሮኪን ይሰጣል፤ በኪሎ ክብደት 10 ወይም 25 ሚሊግራም። ተውሳኩን ጠርጎ ያወጣዋል። ከቅጠሉ የተጣራው ደግሞ በኪሎ 200፣ 400፣ 600 ሚሊግራም ድረስ ይሰጥና ተውሳኩን ይቀንሰዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አያጠፋውም። ይህ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ወይ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ነገር ደካማ ነው፤ ወይ ደግሞ እጅግ ብርቱ የሆነ ነገር በብዙ ገለባ መሐል ጥቂት ሆኖ ተደብቋል። የትኛው ነው? ዋናው ጥያቄ ይሄ ነበር። ጽሑፉ የሚያልቀው ግን ልክ እዚህ ጥያቄ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው።

ከደጃፉ አልፎ የገባ ሰው ምን እንደሚያገኝ ለማየት ወደ ቻይና እንሻገር። በሜይ 23 ቀን 1967 የቻይና መንግሥት በቬትናም ጦርነት ወባ ለሚፈጀው የሰሜን ቬትናም ሠራዊት መድኃኒት ለመፈለግ የምስጢር ፕሮጀክት አቋቋመ፤ በቀኑም ፕሮጀክት 523 ተባለ። ክሎሮኪን በዚያ አካባቢ መሥራት አቁሞ ነበር። በ1969 ቱ ዩዩ የምትባል የመድኃኒት ተመራማሪ በቤጂንግ የአንዱን ቡድን ኃላፊነት ተረከበች። የዶክትሬት ዲግሪ አልነበራትም። የመጀመሪያ ሥራዋ ላቦራቶሪ መግባት አልነበረም፤ የጥንት መጻሕፍትን ማገላበጥና የባህል ሐኪሞችን እየዞረች መጠየቅ ነበር። ከ2,000 በላይ አዘገጃጀቶችን ሰበሰበች። ቡድኗ ወደ 200 ከሚጠጉ ዕፅዋት 380 ያህል ናሙናዎችን አጣርቶ በአይጥ ላይ ሞከረ።

ከእነዚህ መሐል ቻይኖች ቺንግሃኦ የሚሉት፣ የእኛዎቹ ጭቁኝና አሪቲ ዘመድ የሆነ የአርቴሚሲያ ዝርያ፣ አንድ ጊዜ ጥሩ ውጤት አሳየ። ልብ በሉ፤ የእኛ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። «ባህላዊ አጠቃቀሙን ይደግፋል» ተብሎ ይጠረዛል። እነሱ ግን ደገሙት። ሲደግሙት ውጤቱ ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ቅጠሉን ጥሎ ወደ ሌላ ይሄድ ነበር። ቱ ዩዩ ወደ መጽሐፉ ተመለሰች። ገ ሆንግ የሚባል የ4ኛው መቶ ዓመት ሐኪም ስለዚህ ቅጠል የጻፈው ነገር ነበር። ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ፣ ጭማቂውን መጠጣት ነው ያዘዘው። አፍሉት አላለም። እሷም «ማፍላቱ ይሆን መድኃኒቱን የሚገድለው?» ብላ ጠረጠረች። በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኢተር አጣርታ ሞከረችው። በኦክቶበር 4 ቀን 1971 ናሙና ቁጥር 191 በአይጦቹ ደም ውስጥ አንድም ተውሳክ አላስቀረም።

እዚያም አላቆሙም። ለሰው ጎጂ እንደሆነ እንዳልሆነ ለማወቅ በ1972 ራሷና የሥራ ባልደረቦቿ ጠጡት። ቀጥሎ 21 ሕሙማን ታከሙበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ንጥረ ነገሩን ለይተው አወጡት፤ አርቴሚሲኒን ይባላል። ከቅጠሉ እንጂ ከግንዱ እንደማይገኝ፣ መጠኑም በአገሩና በለቀማው ወቅት እንደሚለያይ አረጋገጡ። በ2015 ቱ ዩዩ የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ከዚያ ሁሉ ቀደም ብሎ፣ በ2004፣ ኢትዮጵያም የዚህን ቅጠል ውላጅ ኮአርተም ብላ ለአደገኛው የወባ ዓይነት የመጀመሪያ መድኃኒት አድርጋው ነበር።

ያ ዘመን በቻይና የባህል አብዮት ዘመን ነው፤ ምሁር የሚዋረድበት፣ ላቦራቶሪ የሚዘጋበት። ስለዚህ «እነሱ ተመችቷቸው ነው» ማለት አይቻልም። የተለየው ነገር ሌላ ነው። ፍለጋው የአንድ ተማሪ የአንድ ዓመት ሥራ አልነበረም፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበለው ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ «እንዴት ነው የሚዘጋጀው?» የሚለው ጥያቄ ከ«ምን ቅጠል ነው?» እኩል ተከብሯል።

የእኛን ፍለጋ ክፉኛ የሚጎዳው ይህ ይመስለኛል። ባለመድኃኒቱ እርጥቡን ቅጠል በጠዋት ቆርጦ፣ በድንጋይ ቀጥቅጦ፣ በማር ለውሶ ወይም በአረቄ በጥብጦ ይሰጣል። ተማሪው የዚያን ቅጠል ስም ይጽፍና ሄዶ በጥላ አድርቆ ሜታኖል ውስጥ ይነክረዋል። ሲሠራ «አባቶቻችን ልክ ነበሩ» ይላል፤ ሳይሠራ ሲቀር «አባቶቻችን ተሳስተው ነበር» ይላል። አባቶቹ ያሉት ግን ከመጀመሪያውም አልተሞከረም። በገ ሆንግ መጽሐፍ ውስጥ ትልቁ ምስጢር የቅጠሉ ስም አልነበረም። አለማፍላቱ ነበር።

«እሺ፣ ይጠየቁ» እንበል። ማን ይነግረናል? ተማሪና ባለመድኃኒት ሲገናኙ ወሬው ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«አባባ፣ ለወባ የሚሰጡት ቅጠል የትኛው ነው?»

«ልጄ፣ ከተነገረ ይረክሳል። ኃይሉ ይጠፋል።»

«ለጥናት ነው እኮ አባባ።»

«ለጥናት ነው ብሎ ከአንተ በፊትም አንዱ መጥቶ ነበር። ወዴት እንደገባ እንጃለት።»

አባባ ስስታም ስለሆኑ ብቻ አይደለም እንዲህ የሚሉት። ዕውቀቱ እንጀራቸው ነው። ከአባታቸው በምስጢር የተቀበሉት፣ ለአንድ ልጃቸው ብቻ የሚያወርሱት ነው። ሰብስቦ የሄደ ሁሉ ተመልሶ «ይህን አገኘሁ» ሲላቸው አላዩም። በዕፀ ደብዳቤና በመሳሰሉት የብራና ጽሑፎች የሰፈረው ዕውቀት እንኳ ታትሞ ለተመራማሪ የቀረበው በአብዛኛው በውጭ ሰው እጅ ነው፤ ፖላንዳዊው ስትሬልሲን የኢትዮጵያን የሕክምና ጽሑፎች በ1968 በዋርሶ ሲያሳትም ትርጉሙ የወጣው በፈረንሳይኛ ነበር። ለአባባ ይህ ምን ይጠቅማቸዋል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። መድኃኒቱን የደበቀስ? ለዚህ ተረት አልተወልንም። እኔ እንደማየው የሚደብቁት አባባ ብቻ አይደሉም። እሳቸው በልባቸው ደብቀውታል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በእንግሊዝኛ ጽፎ መደርደሪያ ላይ ደብቆታል። አባባ ሲሞቱ ይጠፋል፤ የዩኒቨርሲቲው ደግሞ አቧራ እየጠጣ ሳይሞት ይቀበራል። ለታመመው ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው።

የእንዶድን ታሪክ የምናስታውስ ሰዎች እዚህ ላይ የምንለው አለን። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከተ። ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ትልቅ ግኝት ነበር። ነገር ግን ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው በዓለም አቀፍ ደረጃ ማስመስከር ገንዘብና ላቦራቶሪ የሚጠይቅ ሆነና ዓመታት ፈጀ። አክሊሉና ባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ሲቀበሉ ዓመቱ 1989 ነበር፤ ከ25 ዓመት በኋላ። እንዶድ ብልሃርዚያን ከአገራችን ወንዞች ሳያጠፋ፣ በ1990ዎቹ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን የውኃ ቧንቧ ለሚደፍን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ማጥፊያ ብሎ በእንዶድ ላይ ፓተንት አወጣ።

«ይኸው! ዘረፉን አላልኩም?» የሚል ሰው እንደሚነሣ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሥ። እንዶድ ከአገር የወጣው በፈረንጅ ብልጠት ብቻ አይደለም፤ እዚህ የሚቀበለው እጅ ስላጣም ነው። ኢትዮጵያ በ2006 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482 አውጥታለች። ጥሩ አዋጅ ነው። ግን አዋጅ አጥር ነው፤ አጥር ብቻውን እህል አያበቅልም። ያልታረሰ ማሳ አጥሮ መጠበቅ ትርፉ ዘበኛ መቅጠር ነው።

ከሁለቱ ደባቂዎች ሌላ ደግሞ ሦስተኛ አለ፤ ምንም የማይደብቅ። እሱ በገበያና በመገናኛ ብዙኃን «ተፈጥሯዊ ነው፣ ጉዳት የለውም» እያለ ያውጃል። አያቶቻችን እንዲህ አይሉም ነበር። ኮሶ ሲበዛ ሰው እንደሚጎዳ ያውቁ ስለነበር በልክ ይሰጡት ነበር። ይሄኛው ግን ልክ አያውቅም። በ2020 ኮሮና በመጣ ጊዜ የማዳጋስካር ፕሬዚዳንት አርቴሚሲያ ያለበትን መጠጥ ጠርሙስ ይዘው በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ጠጥተው፣ ፈዋሽ ነው አሉ። አፍሪካ አጨበጨበች። እኛም አጨበጨብን። ማስረጃው የት ነው ያለው «አፍሪካን የናቀ» ተባለ። የአርቴሚሲያ ሻይም ለወባ የሚጠጣበት አገር ብዙ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግን በ2019 ይህን እንደማይደግፍ ገልጿል። ምክንያቱም በሻይ ውስጥ ያለው መጠን ከስኒ ስኒ፣ ከማሳ ማሳ ይለያያል። ሳያድን ያስታግሳል። ያልሞተው ተውሳክ ደግሞ መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል።

መልመድ ስንል ነገሩ የሩቅ ሥጋት አይደለም። ተውሳኩ አርቴሚሲኒንን መቋቋም የጀመረው በካምቦዲያ ድንበር አካባቢ እንደሆነ የታወቀው በ2008 ግድም ነው። ዛሬ አፍሪካ ገብቷል። በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በኤርትራ ተረጋግጧል። እኛ ጋም በጎንደር አካባቢ R622I የተባለው የዘር ለውጥ ያለበት ተውሳክ ከተገኘ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2023 የወጣ ጥናትም መስፋፋቱን አሳይቷል። በአጭሩ፣ የቻይናው ቅጠል እየደከመ ነው። ኪኒን ደከመ፣ ክሎሮኪን ደከመ፣ አሁን የዚህኛው ተራ ነው። ቀጣዩን ቅጠል ሰው ሁሉ እየፈለገ ነው። ከእኛ ጓሮ ይሁን ከሌላ፣ ማንም አያውቅም። ከእኛ ጓሮ ከሆነ ግን እኛ ራሳችን ሳናውቀው እናልፋለን የሚለው ነው የሚያሳስበኝ።

ምን ይደረግ? ተአምር አያስፈልግም። መጀመሪያ፣ በየዩኒቨርሲቲው የተሠራው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰብሰብ፤ የሠራውም፣ ያልሠራውም። ያልሠራው በተለይ፤ ሌላው ተማሪ ያንኑ እንዳይደግም። ሁለተኛ፣ ዘንድሮ ሌላ ሃያ ቅጠል ከምንጀምር ከተጀመሩት ሦስቱን መርጠን ከአይጥ ወደ ንጥረ ነገር፣ ከንጥረ ነገር ወደ ጉዳት ፍተሻ እናሻግራቸው። ሦስቱም ሊወድቁ ይችላሉ። ይውደቁ። የቱ ዩዩም ብዙ ዕፅዋት ወድቀዋል። ሦስተኛ፣ ከአባባ ጋር በጽሑፍ ውል ይፈጸም። ቅጠሉ መድኃኒት ከሆነ ድርሻቸው ይህ ነው፣ ካልሆነም ውጤቱን መጥተን እንነግርዎታለን የሚል። አራተኛ፣ ቅጠሉን የለቀምነው እሳቸው በሚለቅሙበት ሰዓት፣ ያዘጋጀነውም እሳቸው በሚያዘጋጁበት መንገድ ይሁን። ሜታኖሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እስከዚያው ድረስ ግን፣ አንባቢዬ፣ ትኩሳት ይዞት የሚንቀጠቀጥ ሰው ቤታችሁ ካለ ፌጦና ነጭ ሽንኩርቱን አስቀምጡና ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ይህን የምለው ቅጠል ንቄ አይደለም። እዚያ የሚሰጠው ክኒን ውስጥም ቅጠል አለበት። ልዩነቱ፣ ያ ቅጠል እስከ መጨረሻው የተፈለገ መሆኑ ነው።